ተቀናሽ

ዱሉዝ በየካቲት፣ ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ፣
በረዶው ደጃፉን እስከ ጉልበት ሸፍኖ፣
አንዲት አሮጊት ሴት ጥቁር ሣጥን አዝላ
ገፍታ ገባች በሩን፣ ነፋሱን አስከትላ።
«የራሴ ጊታር ነው። ስንት ያወጣል?» አለች፤
ጓንቶቿን አውልቃ ከባንኮው ላይ ጣለች።

አርቪድ ሊንድክቪስት መነጽሩን ሰክቶ፣
የጥርስ ሐኪም መሳይ መስታወት አውጥቶ፣
ቀስ ብሎ ከፈተው፤ ጠረኑ ቀደመ፦
የጥድ፣ የሲጋራ፣ የላብ፣ የከረመ።
እኔ፣ የዘንድሮው ጀማሪ፣ መጥረጊያዬን ይዤ
ከጥግ እመለከታለሁ እንደ ዕቃ ፈዝዤ።

በዚህ ሥራ ሕጉ አጭር ነው፣ ይገርማል፦
የወደዱት ዕቃ ዋጋው ይቀንሳል።
ካልጋ ሥር ተረስቶ፣ አንድ ዜማ ሳይወጣው፣
ሃምሳ ዓመት ያንቀላፋ፣ ያ ነው ወርቅ የሚያመጣው።
ጣት የለመደውን፣ ሰው ያቀፈውን ግን
በቅናሽ እንጽፋለን፣ ቁስሉን እየቆጠርን።

«የተሠራው ሃምሳ ስምንት ነው፤ ቁጥሩ ይናገራል።
መቃኛዎቹ ግን አዲስ ናቸው፤ የጥንቶቹ የት ገቡ?»
«ተሰባብረው ተጣሉ።»
አርቪድ መቶ ዶላር ቀነሰ በልቡ።
«ይህችስ ጭረት?»
«የወደብ ሠራተኞች አዳራሽ፣ ቅዳሜ ማታ፤
አንዱ ሰካራም ጠርሙስ ወረወረ፤ በኔ ፈንታ
እሱን አገኘው።»
መቶ ሃምሳ።
«አንገቱም ትንሽ ጎብጧል።»
«የኔም» አለች ወይዘሮ ቱኦሚነን፣ ሳትስቅ።
ሦስተኛው ፍሬት ሥር ጥቁሩ እንጨት እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፣
የአንድ ጣት ቦታ፣
ጠብታ ድንጋይ እንደሚበላ።
መቶ ሃያ።

መስታወቱን በክቡ አፍ ከተተና አዞረው፦
አቧራ፣ የጠፋ መምቻ፣ ድር ሸረሪት የቋጠረው፤
ከክዳኑ ሥር ደግሞ፣ እንጨቱ የተላቀቀ፣
በወፍራም ሙጫ እንደ ነገሩ የተጣበቀ።
«ይሄማ» አለ፣ «ይሄማ የጀማሪ ሥራ ነው፤
ሙጫው እንደ ሻማ ወርዷል፤ ማን ነው ያበላሸው?»
መብራቱን አስጠጋ።
ከስንጥቁ ጎን፣ በእርሳስ፣ ሁለት ፊደል፣ አንድ ዓመት፦
አ. ሊ.፣ ሰባ አንድ።
ዝም አለ። የራሱ ጽሕፈት።

የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ይንኳኳል።

«አንድ ከሲታ ልጅ ነበር» አለች ሴትዮዋ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፣
«ዓርብ ማታ እያለቀስኩ መጣሁ፤ ባለሱቁ የለም።
ልጁ ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ለቅዳሜ አደረሰልኝ።
እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።
ሙጫው ግን ይኸው፣ እስከ ዛሬ።»
አውቃው ይሁን ሳታውቀው፣ እኔ አልገባኝም።

በደብተራችን የመጥፎ ጥገና ተቀናሽ አራት መቶ ነው።
እርሳሱ ተነሣ። ቆመ። ጻፈው።
«ያለዚያ ስንጥቅ ስንት ነበር?»
«ሁለት ሺህ ሞልቶ ይተርፍ ነበር።»
«ያለዚያ ሙጫስ?»
መልስ አልሰጣትም።
ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥራ ጓንቶቿን አጠለቀች፤
«ጣሪያዬ ያፈሳል» አለችና ባዶ ትከሻዋን ይዛ ወጣች።

ማታ፣ ካርቶኑ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦
«ጥገና፦ አለበት። ጠጋኝ፦ እኔ።»
ከዋጋው ትይዩ ያለው መስመር እስካሁን ባዶ ነው፤
ሰው ሲጠይቅ «ገና ነው» ይላል፣ ቀና ሳይል።

ትናንት የአንድ ተማሪ ማንዶሊን ሰጠኝ።
ሙጫዬ ተንጠባጠበ። ልፋቀው ብል ቀለሙን ይዞ ይነሣል።
ውስጡ ጨለማ ነው፤ ምናልባት ለሃምሳ ዓመት
ማንም አያየውም።
እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ።